የቴፔያኳ እመቤት

ኤርናን ኮርቴስ ሜክሲኮን ሊወር ሲዘምት ማርያምን ይዞ ነው የመጣው። በደረሰባቸው ብዙ ቤተ ጣዖታት አማልክቱን እያስወረደ ሥዕሏን ያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1521 የአገሪቱ ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን ስትወድቅ፣ ለአገሬው ሰው ማርያም የአሸናፊዎቹ እመቤት ነበረች። ይህን ታሪክ የለወጠው ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው የቴፔያክ ኮረብታ ነው።

ትውፊቱ እንደሚለው፣ በዲሴምበር 1531 ሁዋን ዲዬጎ ለተባለ የናዋ ተወላጅ ክርስቲያን እመቤታችን ተገልጻ በገዛ ቋንቋው በናዋትል አነጋገረችው፤ በስፍራው ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራላትም ላከችው። ጳጳሱ ሁዋን ዴ ሱማራጋ ምልክት ጠየቁ። ሰውየው ያለወቅቱ ያበበ ጽጌረዳ ለቅሞ፣ እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ በሚያጣፋው ሻካራ ልብስ ይዞላቸው ሄደ። ልብሱን ሲዘረጋው አበባው ረገፈ፤ ጨርቁ ላይም ሥዕሏ ታየ። ጠይም ናት፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋለች፣ ከዋክብት የፈሰሰበት መጎናጸፊያ ለብሳ ጨረቃ ላይ ቆማለች። ጓዳሉፔ የምትባለው እመቤት ይህች ናት።

ታሪኩ በመጽሐፍ የታተመው ዘግይቶ ነው፤ በ1648 በስፓኒሽ፣ በዓመቱ ደግሞ በናዋትል። አምልኮው ግን ከዚያ ይቀድማል። በ1556 የፍራንሲስካውያኑ አለቃ ፍራንሲስኮ ዴ ቡስታማንቴ፣ ሥዕሉን የሣለው ማርኮስ የሚባል የአገሬው ተወላጅ ነው ብለው በአደባባይ ሰብከው ተቃወሙ። መነኩሴው ሳአጉንም ሕዝቡ እዚያ የሚጎርፈው ቶናንትሲን የምትባለውን የጥንት አምላኩን እያሰበ ነው ሲሉ ሰጉ። ለእኔ ከማንኛውም ውዳሴ ይልቅ የሚያሳምነኝ ይህ ስጋት ነው። ሕዝቡ ማርያምን የራሱ እንዳደረጋት የመሰከሩት አምልኮውን የጠሉት ናቸውና።

በ1737 ወረርሽኝ ሲበረታ የሜክሲኮ ከተማ ጠባቂዬ አለቻት። በ1754 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በኔዲክቶስ 14ኛ ኒው ስፔን የተባለው የስፔን ቅኝ ግዛት ሁሉ ጠባቂነቷን አጸደቁ። በዚያ ዘመን ከስፔናዊ ወላጆች ሜክሲኮ ውስጥ የተወለዱትም ቢሆኑ እመቤታችን የመረጠችው የእኛን ምድር ነው እያሉ ይኮሩባት ነበር።

በሴፕቴምበር 1810 ቄስ ሚጌል ኢዳልጎ ለነጻነት ሲነሡ፣ ከአቶቶኒልኮ ቤተ ክርስቲያን የጓዳሉፔን ሥዕል አንሥተው ሰንደቅ አደረጉት። ለስፔን ንጉሥ የቆሙት በበኩላቸው ሎስ ሬሜዲዮስ የምትባለዋን ማርያም ጄኔራል ብለው ሾሙ፤ ሐውልቷን ያመጣው የኮርቴስ ወታደር ነው ይባላል። እናት አንዲት፣ ስሟ ሁለት፤ ልጆቿም በየስሟ እየተማጸኑ ተፋጁ። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት የተጠራው ራሱ ባወጣው ስም ነበር፤ ጓዳሉፔ ቪክቶሪያ።

ዛሬ ሥዕሉ ያለው በ1976 በተመረቀው አዲሱ ባዚሊካ ነው። ተሳላሚው እንዳይጨናነቅ ከሥሩ የሚያልፈው በተንቀሳቃሽ ወለል ላይ ቆሞ ነው። በዲሴምበር 12 በዓሏ በጉልበቱ እየዳኸ ስዕለቱን የሚያደርስ ብዙ ነው። ሁዋን ዲዬጎ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው ወይ የሚለው ክርክር በካቶሊኮቹ መካከል ሳይቀር ቢነሣም፣ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2002 እዚያው ባዚሊካ ተገኝተው ቅድስናውን አወጁ።