ከሊማሊሞ ሥር፤ ከሲራራ ነጋዴ እስከ ባለተሳቢ መኪና

ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ከ2 ሺህ 800 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሲጨርስ ዛሪማ ቆላ ይደርሳል። ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ታች ጥላ ይፈልጋል። ይህ ዳገት ከጎንደር ወደ ትግራይና ወደ ምጽዋ ለሚያልፈው ንግድ ለብዙ ዘመን ዋና በር ሆኖ ኖሯል።

በዚያን ጊዜ የነበረው ማጓጓዣ በቅሎ፣ አህያና የሰው ጫንቃ ነው። ከትግራይ በኩል አሞሌ ጨውና ከባሕር ማዶ የመጣ ጨርቅ ይወጣል፤ ቡና፣ ዝባድ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል። በባርነት የተያዙ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ይነዱ እንደነበር መሸሸግ አይገባም። ሲራራ ነጋዴው ሽፍታ ስለሚፈራ ተሰባስቦ ይጓዛል፤ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፤ ክረምት ገብቶ ተከዜ ሲሞላም ጉዞው ይስተጓጎላል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ወደ ጎንደር ያለፈው በ1762 ዓ.ም. ይህንኑ ዳገት ወጥቶ ነው።

ለውጡ የመጣው ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን ከወረረች በኋላ ነው። ጎንደርን ከአሥመራ ለማገናኘት ገደሉ እየተናደ የመኪና መንገድ ተሠራ። የታሰበው ለገበሬው ሳይሆን ለጦርና ለስንቅ ማመላለሻ ነበር። ሆኖም መንገዱ ለባለቤቱ አልበጀም፤ ከዳገቱ አናት ወልቀፊት ላይ የመሸገው ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ከቆየ በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ።

መንገዱ ግን ቀረ። አንድ በቅሎ አንድ ኩንታል ያህል በምትሸከምበት ዳገት ባለተሳቢ መኪና በመቶ የሚቆጠር ኩንታል ይዞ ሲያልፍ የሩቁ ሲራራ ንግድ አከተመ። ኬላውም፣ የነጋዴው ማደሪያም አብሮ ጠፋ። በአንጻሩ መኪና የሚቆምበት ቦታ ገበያ ሆነ።

ይሁን እንጂ በቅሎዋ ከሥራ አልወጣችም፤ የተለወጠው የጉዞዋ ርቀት ነው። መንገዱ አንድ መስመር ሲሆን ገበሬው የሚኖረው ግራና ቀኝ ባለው ሸንተረር ነው። ማሽላውን እስከ አስፋልቱ ዳር የሚያደርሰው አጋሰስ ነው፤ ማዳበሪያውም ከመኪና ወርዶ በአህያ ይገባል። በጽኑ የታመመ ሰው በቃሬዛ ሲወጣም የሚያስጨንቀው ከመኪናው በፊት ያለው መንገድ ነው።

በአንድ መስመር ላይ መንጠልጠል ያለውን አደጋ ጦርነቱ አሳይቷል። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ መኪናው ከወንዙ ዳር ቆመ፤ አሻግሮ የሚኖረውም ሰው እንደ ጥንቱ የወንዙን መጉደል መጠባበቅ ያዘ።