ስለ ወራጁ መስመርና ስለ እሺታዬ

ሰባት ሆነን በምንሠራበት ክፍል፣ ከበሩ በስተግራ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚለወጥ አንድ ሰፊ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ ይኖር ነበር። ከግራ ወደ ቀኝ ዐሥሩ የሥራ ቀኖች፣ ከታች ወደ ላይ ደግሞ የቀረው የሥራ መጠን ተጽፎበት፣ ማታ ከመውጣታችን በፊት የሳምንቱ ተረኛ በቀይ ማርከር አንዲት ነጥብ ያኖርና ከትናንቷ ነጥብ ጋራ በመስመር ያገናኛታል። የሶፍትዌር ሰዎች ይህን ሥዕል በርንዳውን ቻርት ይሉታል፤ እኔ ግን፣ ሥራው ሁሉ መውረድ ስለ ሆነ፣ በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ሳምንት ስም ለራሴ «ዘወረደ» ብዬው ነበር። የቄስ ትምህርት ያየ አንባቢ ድፍረቴን ይቅር ይበለኝ።

ሥርዓቱ ስክረም ይባላል፤ ኬን ሽዋበርና ጄፍ ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1995 በቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ በተደረገ የባለሞያዎች ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ሲሆን፣ ሥራን ከአንድ ወር በማይበልጥ፣ ስፕሪንት በሚሉት አጭር ጊዜ ከፍሎ መፈጸምን ያዝዛል። ስፕሪንቱ ሲጀመር ባክሎግ ከሚባለው ገና ያልተሠራ ሥራ ዝርዝር የምንችለውን ያህል እንመርጥና ለእያንዳንዱ ታስክ ስቶሪ ፖይንት እንሰጠዋለን፤ ይኸውም የሰዓት ቍጥር ሳይሆን፣ አንዱ ሥራ ከሌላው ጋራ ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚከብድ የተስማማንበት ግምት ነው። ድምሩ የመጀመሪያዋ ነጥብ ትሆናለች፤ ከርሷም ተነሥቶ በዐሥረኛው ቀን ዜሮ ላይ የሚያርፍ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ ይሠመራል፤ ቀዩ መስመር ከእርሳሱ በላይ ከዋለ ዘግይተናል፣ በታች ከዋለ ቀድመናል ማለት ነው። ያላለቀ ሥራ አይቈጠርም፤ «ሊያልቅ ነው» ለሚል ሰው ማርከሩ አንዲት ፖይንት እንኳ አያወርድለትም፤ በዚህ ጭካኔው እወደዋለሁ።

የመስመሩን ጠባይ ማንበብ ራሱን የቻለ ትርጓሜ አለው። እስከ ስምንተኛው ቀን ተጋድሞ ቆይቶ በመጨረሻው ሁለት ቀን ከገደል እንደ ተወረወረ ድንጋይ የሚወርድ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሠራተኛው ስንፍና ሳይሆን ታስኮቹ ከመጠን በላይ መተለቃቸው፣ ወይም ሥራው ሁሉ በአንድ ፈታሽ ደጅ ተሰልፎ መጠበቁ ነው። በየቀኑ እኩል እኩል የሚወርድ፣ እንከን የሌለው መስመር ሳይ ደግሞ ይበልጥ እጠራጠራለሁ፤ ሰው እንዲህ አይሠራምና። ሥዕሉን ጂራን ለመሰለ ፕሮግራም የተወ ሰውም፣ ፕሮግራሙ ቅዳሜና እሑድን እንጂ ጥምቀትን ካልነገሩት በቀር እንደማያውቅ ልብ ይበል፤ አንድ ዓመት ጥር 11 ከጃንሜዳ መልስ ኮምፒዩተራችንን ስንከፍት «ዘግይታችኋል» የሚል ሥዕል ተቀብሎናል።

ይሁን እንጂ ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ሥዕሉ ስለሚናገረው ሳይሆን ስለሚደብቀው ነው፤ ይህንም የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። ባለፈው ዓመት አንዱን ስፕሪንት 40 ፖይንት ይዘን ጀመርን። በስድስተኛው ቀን ማታ 16 ላይ መገኘት የሚገባው መስመር 31 ላይ ቆሞ አየሁት፤ በስድስት ቀን የተሠራው ዘጠኝ ብቻ ነው የሚያሰኝ ነበረ። እኔም በማግሥቱ ማለዳ፣ ቡናው እንኳ ሳይቀርብ፣ ልጆቹን ሰብስቤ ስለ ትጋትና ስለ ሰዓት ማክበር ረዘም ያለ ተግሣጽ ሰጠኋቸው። አቀርቅረው ሰሙኝ። ስጨርስ፣ በዕድሜ ከሁሉም ታናሽ የሆነችው የሳምንቱ ተረኛ፣ የማርከሩን ክዳን እየከፈተች እየዘጋች፣ «ጋሼ፣ የወጣውን በየማታው እንቈጥራለን፤ የገባውንስ ማን ጻፈው?» አለችኝ።

ጎተራ ካለበት ቤት ያደገ ሰው ጥያቄዋ ወዲያው ይገባዋል። እናት ለወፍጮ የሚሆነውን እህል እየቀዳች ስታወጣ፣ አባት ደግሞ ከዐውድማ እያመጣ ቢጨምርበት፣ በጎተራው ውስጥ ያለውን ከፍታ ብቻ በዘንግ የሚለካ ልጅ፣ በዚህ ቤት እህል አይበላም ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ወራጁ መስመርም የተሠራውንና የተጨመረውን በአንዲት ቍጥር ቀላቅሎ ስለሚያሳይ፣ የተኛውን ሰውና ሸክም እየተደረበበት የሚሮጠውን ሰው አይለይም።

መድኃኒቱ በርንአፕ የሚባለው ባለ ሁለት መስመር ሥዕል ነው፤ የላይኛው መስመር የሥራውን ጠቅላላ መጠን፣ ከዜሮ ተነሥቶ የሚወጣው የታችኛው ደግሞ ያለቀውን ያሳያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ስፍራ የቀረው ሥራ ነው። (ያኛውን ዘወረደ ያልሁ ሰው ይህን ዕርገት ልለው በተገባኝ ነበር፤ ድፍረቱ ግን አንድ ጊዜ ይበቃኛል።) ሐሳቡ ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝን ንግድ ሲሥል፣ ወደ ውጭ የተላከውን በአንድ መስመር፣ ከውጭ የገባውን በሌላ መስመር አድርጎ፣ ትርፉንና ጕድለቱን በመካከላቸው ባለው ስፍራ አሳይቷል። አንዱን ከሌላው ቀንሶ የቀረውን ብቻ ሥሎ ቢሆን ኖሮ፣ ጕድለቱ የመጣው ሽያጩ ስላነሰ ይሁን ግዢው ስለ በዛ ከሥዕሉ ማወቅ ባልተቻለም ነበር።

በዚያው ማለዳ ወረቀቱን ገልብጠን በጀርባው ሁለቱን መስመሮች ሠራን። የታችኛው 22 ላይ ደረሰ፤ እስከዚያ ቀን ከሚጠበቅባቸው 24 ፖይንት 22ቱን ሠርተዋል ማለት ነው፤ ዘገዩ ቢባል ግማሽ ቀን ነው። የላይኛው ግን በሦስተኛው ቀን ከ40 ወደ 45፣ በአምስተኛው ቀን ከ45 ወደ 53 እንደ ደረጃ ዘልሏል። ሁለቱንም ቀኖች ዐወቅኋቸው። በመጀመሪያው ደንበኛችን ደውሎ በክፍያው ገጽ ላይ «አንዲት ትንሽ ነገር» እንድትጨመርለት ሲለምነኝ፣ መኪና ውስጥ እንዳለሁ እሺ ብዬው ነበር፤ በሁለተኛው ሪፖርቱ በኤክሴል እንዲወጣለት ሲጠይቀኝ፣ ምሳ እየበላሁ እሺ ብዬዋለሁ። ልጆቹም ጋሼ የተቀበለውን አንቀበልም ማለት ነውር መስሏቸው ዝም ብለው ሠርተዋል።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ቡናውም ቀረበ። ስፕሪንቱ ሲዘጋ 38 ፖይንት አልቆ 15 ወደሚቀጥለው ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ በግድግዳው ላይ የሚሣለው ባለ ሁለት መስመሩ ነው፤ የላይኛው መስመር ደረጃ ባወጣ ቍጥርም ጭማሪውን የተቀበለው ሰው ስም በደረጃው ላይ በደቃቃ ፊደል ይጻፋል። የስድስት ስፕሪንት ወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበርና ትናንት ዘርግቼ ሳያቸው ዘጠኝ ደረጃ ቈጠርሁ፤ በአምስቱ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው።