ኦቨርክሎኪንግ ለጀማሪ፦ ፕሮሰሰሩን የሚገድለው ፍጥነቱ አይደለም

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ እንበልና በተደጋጋሚ የሚመጣልንን ጥያቄ እንመልስ። እዚህ ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ላይ ቡና ስንጠጣም ይነሳል። "ልጄ የዴስክቶፑን ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ላድርግ ይላል፣ ይቃጠልብኛል ወይ?" የሚል አለ። "አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ የምልከውን ኮምፒውተር አፍጥኜ ልላክለት?" የሚልም አለ።

መልሱ ባጭሩ ይኸው፦ ፕሮሰሰር የሚሞተው በፍጥነቱ አይደለም፤ ለፍጥነቱ ሲባል በሚጨመርለት ቮልቴጅና ከሱ በሚመጣው ሙቀት ነው። ይህን የያዘ ሰው በጥንቃቄ ሊሞክር ይችላል። ያልያዘ ሰው ግን ገንዘቡን ያቃጥላል።

ነገሩ ምንድነው?

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ ሲሆን በአንድ ቁጥር ይባዛል። ማባዣው 45 ከሆነ 4.5 ጊጋኸርዝ፣ 48 ከሆነ 4.8 ጊጋኸርዝ ማለት ነው። ኦቨርክሎኪንግ ማባዣውን ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ከፍ ማድረግ ነው።

ችግሩ ምቱ ሲፈጥን ፕሮሰሰሩ ቮልቴጅ መጠየቁ ነው። የኃይል ፍጆታው ደግሞ በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚያድገው። አብረን እናስላ። ከ4.5 ወደ 4.8 ስንሄድ ፍጥነቱ 7 ከመቶ ገደማ ጨመረ። ለዚህ ሲባል ቮልቴጁን ከ1.20 ወደ 1.30 ከፍ ካደረግን፣ ሙቀቱ 25 ከመቶ ይጨምራል። ሹፌር የሆናችሁ ይገባችኋል፤ በበጋ፣ ኤሲ ከፍቶ፣ መኪና ሙሉ ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ቤንዚን መርገጥ ነው። መኪናው ይሄዳል፣ ግን ዓይናችሁ ከሙቀት መለኪያው መነሳት የለበትም።

ትርፉስ?

ድሮ ትርፉ ትልቅ ነበር። በ1998 የወጣው የኢንቴል ሴለሮን 300ኤ በ300 ሜጋኸርዝ ተሽጦ ብዙ ሰው 450 ላይ ያሠራው ነበር። ግማሽ ያህል ጭማሪ፣ ያውም በነፃ! ዛሬ ግን ፋብሪካው ራሱ ፕሮሰሰሩን ወደ ጣሪያው አስጠግቶ ነው የሚሸጠው፤ ለኛ የቀረው ፍርፋሪ ነው።

ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ምን እንደሚያደርግ በ2024 በዓይናችን አይተናል። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካቸው፣ መንተባተብና ኮምፒውተሩን ማጥፋት ጀመሩ። ኩባንያው ከመጠን በላይ ቮልቴጅ እንደሚደርሳቸው አምኖ በነሐሴ ወር ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ቀድሞ የተጎዳውን ግን ማስተካከያው አላዳነውም። እነዚህ ፕሮሰሰሮች ካሏችሁ መጀመሪያ ባዮሱን አድሱ፤ ኦቨርክሎኪንጉ ይቅርባችሁ።

እሞክራለሁ ላላችሁ

አንደኛ፣ ይፈቀድ እንደሆነ እወቁ። ኢንቴል ከሆነ ስሙ መጨረሻ ላይ "ኬ" ፊደል ያለበት ፕሮሰሰርና "ዜድ" የሚል ማዘርቦርድ ይፈልጋል። ራይዘን ከሆነ "ቢ" ወይም "ኤክስ" የሚል ማዘርቦርድ። ላፕቶፕ ላይ አትሞክሩት። ከፋብሪካው ልክ መውጣት ዋስትና ሊያሳጣ እንደሚችልም አትርሱ።

ሁለተኛ፣ ከመንካታችሁ በፊት ለኩ። ፎቶውንና ሰነዱን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ከዚያ በኤችደብልዩ ኢንፎ ሙቀቱንና ቮልቴጁን እያያችሁ ሲኒቤንችን 10 ደቂቃ አስኪዱ። ገና ሳይነካ ከ85 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ እዚያው አቁሙ። የሚያስፈልጋችሁ አቧራ መጥረግ፣ የሙቀት ቅባቱን መቀየር ወይም የተሻለ ማቀዝቀዣ መግዛት ነው።

ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ተጭናችሁ ባዮስ ግቡ። ካለው የሙቀት ጣሪያውን 85 ላይ አድርጉ። ከዚያ ማባዣውን አንድ ቁጥር ብቻ ጨምሩ። ቮልቴጁን በእጃችሁ አትጨምሩ። "አውቶ" ላይ ሲሆንም ማዘርቦርዱ ራሱ ሊጨምር ስለሚችል፣ ከመጀመሪያው ልኬት ጋር አስተያዩ። ራይዘን ላላችሁ ጀማሪዎች ደግሞ ማባዣውን ከመንካት ፒቢኦ የሚባለው ምርጫ ይሻላል።

አራተኛ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ እንደገና ፈትኑ። ከጠፋ፣ ከደረቀ፣ ሰማያዊ ገጽ ካሳየ ወይም 85 ዲግሪ ከነካ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ተመለሱ። ያ ነው የናንተ ልክ። እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ፈትናችሁ፣ ለቀናት በሥራ እዩት። "ቮልቴጅ ትንሽ ብጨምርለትስ?" የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚህ ነው፤ ጀማሪ እዚህ ይቁም።

አምስተኛ፣ አልነሳ ቢል አትደንግጡ። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን እንደ ሳንቲም ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሷት። ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለሳል።

የክፍሉንም ሙቀት አስቡ። እዚህ ቫሊ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዉድላንድ ሂልስ መስከረም 2020 ላይ 121 ዲግሪ ፋራናይት ገብቷል። ጥር ላይ ያለፈ ፈተና ለመስከረም ዋስትና አይሆንም።

አገር ቤት ለምትልኩ

የሚላከውን ኮምፒውተር ኦቨርክሎክ አታድርጉት። ምክንያቱም፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል። እዚህ ቢበላሽ ሱቅ ቅርብ ነው፤ እዚያ ግን ያ ዕቃ የአንድ ሰው እንጀራ ሊሆን ይችላል።

ይልቅ ፓወር ሰፕላዩን ጀርባውን እዩት። አሜሪካ 120 ቮልት፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። "100–240" የሚል ከተጻፈበት ችግር የለም። 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው ግን 230 ላይ አድርጋችሁ ላኩ፤ 115 ላይ እንዳለ አዲስ አበባ ቢሰካ ወዲያው ነው የሚቃጠለው። ገንዘብ ከተረፋችሁ ለፍጥነት ሳይሆን ለዩፒኤስ አውጡት።

እንግዲህ ልጃችሁ ሲጠይቃችሁ "አይሆንም" ብቻ አትበሉት። "ሙቀቱን አሳየኝ፣ ቮልቴጁን አሳየኝ" በሉት። ካሳያችሁ ይሞክር። ካላወቀው ገና ነው።