ሥራችንን ወደ ክላውድ ከማስገባታችን በፊት ልናውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

አንድ የጅምላ መደብር ውስጥ ያለን ኮምፒውተር እናስብ። የዕቃው ክምችት፣ የዱቤ ሒሳቡ፣ የደንበኞች ስልክ ቁጥርና የግብር ሰነዱ በሙሉ እዚያው ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ወይም በቫይረስ ቢመታ ባለሱቁ ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት እንኳ ማወቅ ይቸግረዋል። ለዚህም ነው ብዙ ነጋዴዎች «ክላውድ ተጠቀሙ» የሚል ምክር የሚሰሙት። ምክሩ በጥቅሉ መልካም ነው። ሆኖም ክላውድ የሚሸከምልን ነገር እንዳለ ሁሉ እኛው ላይ የሚቀር ኃላፊነትም አለ። ሁለቱን ለይተን እንያቸው።

ክላውድ ምንድን ነው?

ቃሉ ደመና ማለት ቢሆንም ዳታችን የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው። ክላውድ ማለት የሌላ ድርጅትን ኮምፒውተር በኢንተርኔት አማካኝነት ተከራይቶ መሥራት ነው። እነዚህ ሰርቨር የሚባሉ ኮምፒውተሮች ዳታ ሴንተር በሚባሉ ትልልቅ ሕንጻዎች ውስጥ ተደርድረው ሌት ተቀን ይሠራሉ።

የሰፈራችንን ወፍጮ ቤት እናስታውስ። ዱቄት የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ በየቤቱ ወፍጮ አይተክልም። እህሉን ይወስዳል፣ ያስፈጫል፣ በኪሎ ይከፍላል። ለሞተሩ ጥገናና ለመብራቱ የሚጨነቀው ባለወፍጮው ነው። ክላውድም እንዲሁ ነው፤ ማሽን ሳንገዛ በተጠቀምነው ልክ እንከፍላለን። ሥራ ሲበዛ እንጨምራለን፣ ሲቀዘቅዝ እንቀንሳለን።

ይህ አሠራር በስፋት ለገበያ የቀረበው አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ የዳታ ማከማቻ፣ ቀጥሎም ሰርቨር ማከራየት ከጀመረ በኋላ ነው። ዛሬ ማይክሮሶፍትና ጎግልም ዋነኛ አቅራቢዎች ናቸው። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ በሚል ስም አገልግሎቱን ይሰጣል።

ሦስት ዓይነት ኪራይ

የመጀመሪያው ተዘጋጅቶ ያለቀ ፕሮግራም ነው። ጂሜይል ወይም ጎግል ድራይቭ የሚጠቀም ሰው ሳያውቀው ክላውድ ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛው ፕሮግራም ሠሪዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበትና የሚያስኬዱበት መድረክ ነው። ሦስተኛው ሰርቨርና ማከማቻ ብቻ ተከራይቶ የቀረውን ሁሉ በራስ ባለሙያ መሥራት ነው። ለአብዛኛው አነስተኛ ንግድ የመጀመሪያው ይበቃዋል፤ ሦስተኛው ቋሚ ባለሙያ ይፈልጋል።

በእኛ ላይ የሚቀረው ምንድን ነው?

አንደኛው ቅጂ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የሚገኝ ኦቪኤች የተባለ ኩባንያ ዳታ ሴንተር በእሳት ተያያዘ። ባለ አምስት ፎቁ ሕንጻ ወደመ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾችም ሥራ አቆሙ። ሌላ ቦታ ቅጂ ያስቀመጡ ደንበኞች ሥራቸውን መቀጠል ቻሉ። ቅጂያቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የነበረ ደንበኞች ግን ዋናውንም ቅጂውንም አጡ። እንግዲህ ዳታችን ክላውድ ላይ መሆኑ ብቻ ቅጂ አለን ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ቁልፍ ነው። ኮድ ስፔስስ የተባለ ኩባንያ ሥራው ሁሉ በአማዞን ክላውድ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2014 አንድ ሰርጎ ገብ የኩባንያውን የአስተዳዳሪ አካውንት ተቆጣጥሮ ገንዘብ ጠየቀ። ኩባንያው አካውንቱን ለማስመለስ ሲሞክር ሰውየው ዳታውንም ቅጂዎቹንም አብዛኛውን ሰረዘ። ይህ ሁሉ የሆነው በግማሽ ቀን ገደማ ውስጥ ነው፤ ኩባንያውም ሥራውን ለማቆም ተገደደ። የአማዞን ሕንጻም ማሽንም ምንም አልሆነም፤ የጠፋው የቤቱ ቁልፍ ነበር። አቅራቢዎች በውላቸው ይህንን «የጋራ ኃላፊነት» ይሉታል። ሕንጻው፣ መብራቱና ማሽኑ የእነርሱ ሲሆን የይለፍ ቃሉና ማን ምን ማየት እንደሚችል መወሰን የደንበኛው ነው።

ሦስተኛው ሒሳቡ ነው። የውጭ አቅራቢዎች ዋጋ በአብዛኛው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ል የምንዛሪ አሠራሩ ከመቀየሩ በፊት 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 100 ዶላር የሚከፍል ድርጅት አገልግሎቱን ምንም ሳይጨምር ወጪው ከ5,700 ብር ገደማ ወደ 10,000 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ ማለት ነው። ገቢው በብር የሆነ ነጋዴ ይህን አስቀድሞ ማስላት አለበት።

አራተኛው መንገዱ ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ክላውዱ ጋር አንደርስም። በሰኔ 2012 ዓ.ል መጨረሻ በአገራችን የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ቆይቷል። ስለዚህ ኔትወርክ ሲጠፋ ሱቁ ቢያንስ መሸጥና መመዝገብ የሚችልበት ሌላ መንገድ ያስፈልገዋል።

ከመፈረማችን በፊት

የዱቤ መዝገቡና የደንበኞች ስልክ ቁጥር የሰው አማና ነው። በሕግም ቢሆን በ2016 ዓ.ል የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል ዳታ በሚይዙ ላይ ግዴታ ይጥላል። ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት የሚከተሉትን እናረጋግጥ፦

1. ዳታው በየትኛው አገር እንደሚቀመጥና ቅጂው ከዋናው በተለየ ከተማ መሆኑን በጽሑፍ እንጠይቅ።

2. አንድ ቅጂ ከአቅራቢው ውጭ፣ በራሳችን እጅ ይኑር። በየወሩ ከቅጂው ጥቂት ፋይል መልሰን ከፍተን እንሞክር፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አያስተማምንም።

3. አካውንቱ በድርጅቱ ኢሜይል እንጂ ሲስተሙን በተከለልን ባለሙያ የግል ኢሜይል አይከፈት። ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በስልክ የሚመጣ ማረጋገጫ ይኑረው። ሠራተኛ ሲለቅ መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋ።

4. ወርሃዊ የወጪ ጣሪያ አስቀምጠን ወደ ጣሪያው ስንቃረብ መልእክት እንዲደርሰን እናድርግ። በብር የሚከፈል አማራጭ ካለም እናነጻጽር።

5. አቅራቢውን ለመለወጥ ብንፈልግ ዳታችንን በምን መልክና በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚመልስልን እንጠይቅ። ለዚህ ግልጽ መልስ የማይሰጥ አቅራቢ ጋር አለመጀመሩ ይሻላል።

አጀማመሩም ቀስ በቀስ ይሁን። መጀመሪያ ኢሜይሉንና የሰነድ ማስቀመጫውን ብቻ አስገብተን ለሦስት ወር እንየው። ሠራተኞች ሲለምዱትና ወጪው ሲታወቅ ክምችቱንና የዱቤ ሒሳቡን እናስከትላለን። እስከዚያው ድረስ የድሮው መዝገብ ከመደርደሪያው አይነሳ።