ልስን በመንዝ ደጋ

መሐል ሜዳ ላይ ለሳኝ ነኝ። ሙያውን መጀመሪያ ያየሁት ከእናቴ ነው። በመንዝ ቤቱ በድንጋይ ይሠራል፤ ግድግዳውን በጭቃ የሚለስኑት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። እናቴ አፈሩን ከገለባ ጋር ለውሳ ለቀናት ታቦካዋለች፤ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ የሚይዘው ገለባው ነው።

የሲሚንቶውን ልስን ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆኜ ተማርኩ። ጀማሪ ወዲያው ካዙላ አይጨብጥም፤ አሸዋ ይነፋል፣ ውሃ ያመላልሳል፣ ያቦካል። አፈር የበዛበትን አሸዋ በመዳፉ አሽቶ የማይለይ ሰው ልስኑ አይበረክትለትም። ግድግዳ ማርጠብ፣ ቀጭን ርጭት መምታት፣ በቱምቢና በውሃ ልክ ቀጥታውን መያዝ፣ በፍራታሶ ማሸት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ እርጥብ ልስን ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን አብጦ ያላላዋል። ቀን ደግሞ ፀሐይና ንፋስ ውሃውን ቶሎ ይመጥጡታል። ስለዚህ ረፋድ ላይ ጀምሬ በጊዜ አቆማለሁ፣ ማታ በጆንያ እሸፍነዋለሁ፣ ለ7 ቀን ያህል ውሃ አጠጣዋለሁ። በጭቃ በተያያዘ ድንጋይ ላይ ግን ሲሚንቶ እንዲለሰን አልመክርም፤ ጭቃው ሲያብጥና ሲኮማተር ሲሚንቶው ይላቀቃል።

ዛሬ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የግንባታ ሙያ በደረጃ ያሠለጥናሉ። በሥራ ላይ የተማረም ቢሆን የብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የምንለውን፣ መፈተን ይችላል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት ምዘናውን ውሰዱ።