ለ20 ሜትር አፈር የሚወጣ ደቦ

እንግሊዝ ውስጥ የክሪኬት ወቅት ከመከፈቱ በፊት፣ በፈረንጆቹ ማርች ማብቂያና ኤፕሪል መግቢያ ላይ፣ የመንደሩ ሰው ደቦ ይወጣል። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ቧንቧ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ በበጋ እዚያው ሜዳ ላይ የሚጫወቱ ልጆችና ወላጆቻቸው መሰላል፣ ብሩሽና የእጅ ጋሪ ይዘው ወደ ክለባቸው ይመጣሉ። ክረምቱን ተዘግቶ የከረመው ቤት ይከፈታል፤ ሻጋታው ይፋቃል፣ አሸንዳው ከቅጠል ይጸዳል፣ የተቀደደው የመለማመጃ መረብ ይሰፋል፣ የውጤት ሰሌዳው ቀለም ይቀባል። ለዚህ ሁሉ ክፍያ የለም። ሻይና ኬክ ግን አይጠፋም።

ልማዱ የቆየ ነው። የእንግሊዝና የዌልስ ክሪኬት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2001 «ክሪኬትፎርስ» የሚል ስም ሰጥቶ በአንድ ቅዳሜና እሁድ አገር አቀፍ ዘመቻ አደረገው፤ ናትዌስት ባንክም ለዓመታት ስፖንሰር ሆነለት። ወደ 2,000 የሚጠጉ ክለቦች በአንድ ጊዜ የተነሱባቸው ዓመታት ነበሩ።

ክሪኬትን ለማያውቅ አንባቢ ይህ ይበቃል፦ 11፣ 11 ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች ይገጥማሉ፤ ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፣ መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየተከላከለ በዱላ ይመታል። ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ መቺው ጋ የሚደርሰው መሬት ነጥሮ ነው። የሚነጥርበት ጠባብ መሬት ፒች ይባላል። ከእንጨት እስከ እንጨት 20.12 ሜትር ይረዝማል፣ 3.05 ሜትር ይሰፋል።

ጋዜጦች ደቦውን ሲዘግቡ የሚያወጡት ፎቶ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ብሩሽ የያዘ ሰውና አዲስ የተቀባ አጥር። ቀለሙም አጥሩም ያስፈልጋሉ። ይሁንና ክለብ ጣሪያው ቢያፈስ ይጫወታል፣ ፒቹ ከተበላሸ ግን አይጫወትም። የደቦው እምብርት ካሜራ የማይዞርበት፣ መሃል ሜዳ ላይ ያለው አፈር ነው። እሱን የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ በየክለቡ ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው፤ የሚገባቸውን ያህል ምስጋና ሲያገኙም አይታይም።

አፈሩ የሰው ሕይወት የሚያስከፍልበት ጊዜ ነበር። በ1870 የኖቲንግሃምሻየሩ መቺ ጆርጅ ሰመርስ በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ ሲጫወት፣ ጆን ፕላትስ የወረወረው ኳስ መሬት ነጥሮ ራሱን መታው። ከአራት ቀን በኋላ በ25 ዓመቱ ሞተ። ሰመርስ ከወደቀ በኋላ ተራው ደርሶ የገባው ሪቻርድ ዳፍት ራሱን በፎጣ ጠምጥሞ ነበር። ሎርድስ ዛሬ የጨዋታው ዋና ከተማ ቢሆንም በዚያ ዘመን ፒቹ በወጣ ገባነቱ የታወቀ ነበር፤ የመጀመሪያውን የሜዳ ሠራተኛ የቀጠረው ገና በ1864 ሲሆን ከዚያ በፊት ሣሩን የሚግጡለት በጎች ነበሩ። ዛሬ መቺዎች የራስ ቁር ያደርጋሉ። ቢሆንም ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን ጠንካራ የቆዳ ኳስ አንዴ ጉልበት፣ አንዴ አገጭ ላይ የሚያነሳ መሬት ለአንድ ታዳጊ መቺ አሁንም አደጋ ነው። በኤፕሪል ቅዝቃዜ ፒቹ ላይ የሚንበረከኩት በጎ ፈቃደኞች ሥራቸው ከዚህ ይጀምራል።

አውድማ ለቅልቆ የሚያውቅ ገበሬ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፦ የተፈለገው ጠንካራ፣ ደልዳላና የማይፈረፈር መሬት ነው። ልዩነቱ ፒቹ ላይ ሣር መኖሩ ነው። ለፒች የሚመረጠው አፈር ከመቶ 25 እስከ 30 እጅ ያህል ሸክላ አለበት። ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ቅንጣቶቹ ተሳስበው ይጣበቃሉ። ኳሱን ወደ ላይ የሚመልሰው ይህ ጥንካሬ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ያን አፈር ከላይ ብቻ ሳይሆን እስከ 10 ሳንቲሜትር ጥልቀት እኩል ማድረቅ የሚቻለው እንዴት ነው የሚለው ይሆናል።

መልሱ ሣሩ ነው። ብዙ ሰው የፒች ሣር ለመልክ የበቀለ ይመስለዋል፤ በጨዋታው ቀን እስከ 5 ሚሊሜትር ታጭዶ፣ ገርጥቶ፣ የሞተ መስሎ ሲያየው ደግሞ «ምን ይሠራል?» ይላል። ሣሩ የውኃ መሳቢያ ነው። ፀሐይና ንፋስ የሚያደርቁት የላዩን ቅርፊት ሲሆን፣ ከሥር ያለውን እርጥበት ስቦ በቅጠሉ የሚያወጣው ሥሩ ነው። ሥሩ አጭር ከሆነ ፒቹ ከላይ ደርቆ ከታች እርጥብ ይቀራል፣ ኳሱም ሞቶ ይንከባለላል። ስለዚህ የሜዳ ባለሙያ ከሣሩ ርዝመት ይልቅ የሥሩን ጥልቀት ይመለከታል።

አሁን መሬቱን እየተንከባለለ ወደሚጠቀጥቀው ከባድ ብረት፣ ወደ ሮለሩ እንምጣ። «ሮለር በከበደ ቁጥር፣ በተመላለሰም ቁጥር መሬቱ ይጠነክራል» የሚለው እምነት በእንግሊዝ ክለቦች ሥር የሰደደ ነው። ኤፕሪል በገባ ቅዳሜ አንድ ብርቱ ሰው ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝነውን ሮለር አስነስቶ ከጠዋት እስከ ማታ ሲመላለስ ማየት የተለመደ ነው፤ ሁሉም ያደንቀዋል። አብዛኛው ድካሙ ግን ከንቱ ነው፤ አንዳንዴም ጉዳት ነው። አፈሩ በጣም እርጥብ ከሆነ ውኃው መውጫ ስለሚያጣ ከብረቱ ፊት ማዕበል መስሎ ይገፋል፤ የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ላይ ይንሸራተታል፣ ሥሮችም ይበጠሳሉ። በጣም ደረቅ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ድንጋይ ላይ እንዳለፈ ያህል ነው፤ ምንም አይጨምርም። ሥራው የሚሠራው በሁለቱ መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ አፈሩ በጣት ሲጫኑት ቅርጹን ይዞ ጣት ላይ በማይጣበቅበት ጊዜ። ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ በክሪኬት ቦርዱ ድጋፍ ባካሄደው ጥናትም ያው ነው የተገኘው፤ እርጥበቱ ሲመጣጠን ጥቂት ምልልስ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ የሚቃጠለው ነዳጅ ለመሬቱ ጥንካሬ እምብዛም አይጨምርም።

ይህን የሚያውቁ ክለቦች የደቦውን ቀን ለሮለር አይቀጥሩም። ዝናቡን አይተው፣ በሳምንቱ መሃል ማክሰኞ ማታም ቢሆን፣ አፈሩ ሲፈቅድ ይወጣሉ። በቀላሉ ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ የማጨጃው ማሽን ክብደት ብቻ፣ ቀስ በቀስ ከበድ ያለው። አቅጣጫውንም ይቀያይራሉ፦ በቁመት፣ በወርድ፣ በሰያፍ፣ የብሪታንያ ባንዲራ ላይ ያሉት መስመሮች እንደሚሄዱት። የመጨረሻው ምልልስ ኳሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሆናል። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ በታች ነው።

ይህ ጸሐፊ በአንድ የመንደር ክለብ ያገኛቸው አዛውንት የሜዳ ጠባቂ ሮለሩን ከማስነሳታቸው በፊት ቀጭን የብረት ቱቦ መሬት ውስጥ ሰክተው ጣት የሚያህል የአፈር ዘንግ አወጡ። በሁለት አውራ ጣታቸው ይዘው ቀስ ብለው ጎበጥ አደረጉት። ዘንጉ ከላይ 3 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ በቢላ እንደተቆረጠ፣ ቀጥ ብሎ ተሰበረ። ስብራቱ ላይ የጠቆረ የበሰበሰ ሣር ስስ ሽፋን ነበር። ሥሮቹ እዚያ ደርሰው ወደ ጎን ታጥፈዋል፤ አንዱም አልዘለቀም። «ይኸውልህ፣ ከ10 ዓመት በፊት አንድ ሰው ርካሽ አፈር ገዝቶ አመጣ» አሉ።

በዚህች ዘንግ ውስጥ የክለቦች ትልቁ ስህተት ይታያል። በየዓመቱ ጨዋታ ሲያበቃ ፒቹ ላይ አዲስ አፈር ይነሰነሳል። የዘንድሮው አፈር ከአምናው ዓይነቱ ከተለየ ሁለቱ ሲደርቁ በተለያየ መጠን ይኮማተራሉ፤ አንዱ ከሌላው ይላቀቃል፣ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ያን ክፍተት የትኛውም ሮለር አይዘጋውም። ስለዚህ ቸር ነጋዴ «በነፃ ልስጣችሁ» ቢል እንኳ ምን ዓይነት እንደሆነ ያልታወቀ አፈር ፒች ላይ መድፋት ከእምቢታ የባሰ ጥፋት ነው።

የአፈሩን ጥንካሬ መለኪያ ዘዴ ደግሞ አለ፤ ቀላልና ደስ የሚል ነው። እርጥብ አፈር ታሽቶ 2.5 ሳንቲሜትር ያህል የምትሰፋ ኳስ ይሠራል። ጥላ ውስጥ ለቀናት ይደርቃል። ከዚያ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ ተቀምጦ እስኪፈነዳ በተረከዝ ይጫኑታል፤ የፈነዳበት ኪሎ ይመዘገባል። ወደ 45 ኪሎ ሳይደርስ ከፈነዳ አፈሩ ለክሪኬት ደካማ ነው ይባላል። ይህን ልጆች ቢሠሩት ከብሩሽ ይልቅ ስለ ሜዳቸው ብዙ ያስተምራቸዋል።

ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ የአፈሩ ነገር ይገለጣል። ዲሴምበር 5 ቀን 2015 ዴዝመንድ የተባለው አውሎ ነፋስ ሰሜን እንግሊዝን ሲመታ፣ በኩምብሪያ ተራሮች ሆኒስተር በተባለ ቦታ በ24 ሰዓት 341.4 ሚሊሜትር ዝናብ ወረደ፤ አዲስ አበባ በአማካይ በሐምሌ ወር ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል። በዚያው አካባቢ ያሉት የኬዚክና የኮከርማውዝ ከተሞች ሰጠሙ። የኮከርማውዝ ክለብ ታዋቂው የክሪኬት ተጫዋች ቤን ስቶክስ በልጅነቱ የተጫወተበት ሲሆን በ2009 በጎርፍ ተመትቶ ገና ማገገሙ ነበር። በኮርብሪጅ የታይን ወንዝ የክለቡን ቤት ከጥቅም ውጭ አደረገው። በኬዚክ አቅራቢያ ያለው የትረልኬልድ ክለብ ተጫዋቾች ደግሞ ቀደም ሲል በ2012 ጎርፍ ሜዳቸውን ባበላሸው ጊዜ ለማደሻ ገንዘብ ለማሰባሰብ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው በአካባቢያቸው ተራራና ሐይቅ ዳር ክሪኬት ሲጫወቱ ፎቶ ተነሱ፤ ፎቶዎቹ ካሌንደር ሆነው ተሸጡ፣ ከአገር ውጭም ታወቁ።

የፈረሰ ቤት ከገንዘብ ጋር ይመለሳል። ወንዙ ፒቹ ላይ የተወው ደለል ግን ያው የባዕድ አፈር ንብርብር ነው። ጠጠሩ በእጅ ይለቀማል፤ ደለሉ ከመድረቁ በፊት ሣሩን ሳይነቅል በጠፍጣፋ አካፋ ይፋቃል፣ የቀረው ይታጠባል። እዚህ ላይ ማሽን ብዙ አይረዳም፤ ብዙ እጅ ነው የሚያስፈልገው። በጎ ፈቃደኞች በጭቃ ተንበርክከው የሚውሉት ለዚህ ነው።

በብሪታንያ ለሚኖሩ ወገኖችም አንድ ነገር ማለት ተገቢ ነው። በበጋ እሁድ ቤተሰብ በሚያርፍባቸው የከተማ መናፈሻዎች መሃል በገመድ የታጠረ፣ ከሌላው ይልቅ የለሰለሰ ሣር ይታያል። ባዶ ስለሆነ ለልጆች ኳስና ለብስክሌት የተተወ ይመስላል። አልተተወም። በእርጥብ ቀን አንድ የብስክሌት ጎማ የሚያሰምረው ጎድጓዳ ኳሱን ያልታሰበበት ቦታ ሊያነሳው ይችላል፤ ያን የሚደፍነው ደግሞ ከሥራው መልስ የሚመጣ ሰው ነው። ገመዱን ዞሮ ማለፍ ቀላል ነው። ተጫዋቾችም ከወቀሳ አያመልጡም፤ ጨዋታ እንዳለቀ ወርዋሪዎች በእግራቸው የቆፈሩትን ጉድጓድ ሳይሞሉ ወደ መጠጡ የሚሮጡ ሞልተዋል።

ደቦውን መቀላቀል ለሚፈልግ ደግሞ ከኤፕሪል ይልቅ ሴፕቴምበር ይሻላል። ኤፕሪል ላይ ብሩሽ የያዘ ሰው ይተርፋል። የመጨረሻው ጨዋታ ባለቀ ሰኞ ግን ሁሉም ይበተናል፤ የፒቹ ዋና ሥራ የሚሠራውም ያኔ ነው። የሞተው ሣር ተበጥሮ ይወጣል፤ በአንድ ፒች ብቻ ብዙ ጋሪ ይሞላል። መሬቱ ይቦረቦራል፣ ዘር ይዘራል፣ ከዚያም ከ6 እስከ 10 ከረጢት፣ እያንዳንዱ 25 ኪሎ፣ ያው የአምናው ዓይነት አፈር ተነስንሶ በረጅም እንጨት ይደለደላል። አንድ ክለብ ስምንት ወይም አሥር ፒች ሊኖረው ይችላልና ሸክሙ ከባድ ነው። መሬቱ ሳይቀዘቅዝ ዘሩ መብቀል ስላለበት ቀኑ አይገፋም፤ ኦክቶበር ሲጋመስ ብርዱ ይቀድማል።