ባለ ገንቦ ስለሚባለው የተዳቀለ ተክልና ስለ አስተዳደጉ

በሰሜን አሜሪካ፥ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ባሉት ረግረጎች ሳራሴኒያ የሚባል ነፍሳትን የሚበላ ተክል ይበቅላል። ቅጠሉ እንደ መለከት የቆመ፥ ውስጡ ባዶ፥ በላዩም ክዳን ያለው ነው። ዝንብ በአፉ ዙሪያ ያለውን ማር ሊልስ በመጣ ጊዜ ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ በውስጡም ያለው ጠጕር ወደ ታች ያዘነበለ ስለ ኾነ መውጣት አይችልም፤ በሥር ባለው ውኃም ሟሙቶ ለተክሉ ምግብ ይኾናል። ይህም መኾኑ መሬቱ ናይትሮጅን የሚባለው የአዝርዕት ምግብ ስለ ጐደለው ነው።

ከዚህም ወገን ቢጫው ፍላቫና ራሰ ነጩ ሌውኮፊላ በፍሎሪዳና በአላባማ አብረው በሚበቅሉበት ስፍራ፥ ትልልቅ የዱር ንቦች የአንዱን የአበባ ብናኝ ወደ ሌላው ሲያመላልሱ ዲቃላ ይወለዳል። ስሙም ሞሬይ ይባላል፤ ይኸውም በደብሊን ከተማ በግላስኔቪን የአትክልት ስፍራ ኹለቱን ላዳቀለው ለዴቪድ ሙር መታሰቢያ ነው። ዲቃላውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. በፍሎረንስ ከተማ ለሕዝብ ታየ።

ፍላቫ ያማረውን ቅጠል የሚያወጣው ብርዱ እንዳለፈ ነው፤ ሌውኮፊላ ግን የበለጠውን የሚያወጣው ሙቀቱ ሲበርድ ነው። ዲቃላው ከኹለቱም ወርሶ ብዙ ጊዜ በኹለቱም ወራት ያወጣል፤ ቁመቱም እስከ 1 ሜትር ይደርሳል። ሙሉ ፀሐይና የዝናም ውኃ ይወዳል፤ ፍግና ማዳበሪያ ግን ሥሩን ይጎዳዋል። ዘሩ ቢዘራ ልጆቹ አንድ መልክ አይኖራቸውም፤ አንዱ ወደ አባቱ፥ አንዱ ወደ እናቱ ያደላል። ስለዚህ መልኩን ሳይለውጥ ሊያበዛው የሚወድ ሰው ግንደ ሥሩን ከፍሎ ይተክላል።

በዚያ አገር ምድሪቱ በየጥቂት ዓመቱ በእሳት ትቃጠል ነበር፤ እሳቱም ቍጥቋጦውን ሲበላ ተክሉ ከመሬት በታች ካለው ግንደ ሥሩ ያቈጠቍጥ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ሹማምንቱ እሳቱን ከለከሉ፤ ባለ መሬቶችም ቦይ ቈፍረው ረግረጉን አደረቁ፤ ጥድም ተከሉበት። ስለዚህ ቍጥቋጦው ፀሐይ ከለከለው፥ ሥሩም ውኃ አጣ፤ ከተክሉም መኖሪያ አብዛኛው ጠፋ። ወላጆቹ በጠፉበት ስፍራ አዲስ ዲቃላ አይወለድም።

እንግዲህ መሬት የሚያስተዳድር ሹም ረግረግ ኹሉ ጠፍ ነው ብሎ ቦይ ከማስቈፈሩ አስቀድሞ በውስጡ የሚበቅለውን ያስመርምር። ቦይ በጥቂት ቀን ይቈፈራል፤ የደረቀውን ረግረግ መመለስ ግን የብዙ ዘመን ድካም ነው።